በስድስት ሰዓት የሚደበዝዝ ሥዕል

መጽሐፍ አንብቦ ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው ለአንድ ግቢ ከመብረቅ የበለጠ ያሰጋል! መብረቅ ቢያንስ ከወደቀ በኋላ ምክር አይሰጥም። ይህን የምለው ማንንም ለመንካት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጎዳና ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መጽሐፍ አንብቦ ኤሌክትሪክ የተማረው ሰው እኔ ነኝ። የቤቴን ሽቦ የዘረጋሁት በገዛ እጄ ነው። «ቀጭን አልሆነም ወይ?» ያሉኝ ነበሩ። «ቁጠባ ነው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ፈረንጅ ተሳላሚ ይህችን ቅድስት ከተማ ለሁለት የከፈለውን ድንበር ከዚያኛው ወገን ተሻግሮ መጣና ፕሮጀክተር የሚሉትን መሣሪያ እኔ ዘንድ በአደራ አስቀመጠ። በውስጡ ብርቱ አምፖል አለ፤ ከአምፖሉ ፊት ትንሽ ፎቶግራፍ ሲያስገቡበት፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ነጭ አንሶላ ላይ በር የሚያህል ሥዕል ይወጣል። ተሳላሚው ከድንበሩ ማዶ የቀረውን የገዳማችንን የዴር ሡልጣንን መነኮሳት አንድ በአንድ ፎቶግራፍ አንስቷቸዋል። «ገሊላ ደርሼ እስክመለስ ለሕዝባችሁ አሳዩ፤ በሳምንቱ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ይህ ለእናንተ ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ለጎረቤቴ ለወይዘሮ አስካለ ግን አይደለም። ታላቅ ወንድማቸው አባ ወልደ ማርያም ዴር ሡልጣን ናቸው። ከእኛ ቤት እስከዚያ በእግር ቢሄዱት ሩቅ አይደለም፤ በመካከሉ ግን አጥር፣ ወታደርና ፈቃድ የሚባል ነገር አለ። ወይዘሮ አስካለ የወንድማቸውን ፊት ካዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። መሣሪያው በመጣ ዕለት በሬ ላይ ቆመው፣

«አቶ ተሰማ፣ ወንድሜ ከውስጡ አለ?» አሉኝ።

«አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም አሳያለሁ።»

«አሁን ለእኔ ብቻ አንድ ጊዜ ብልጭ ቢያደርጉልኝስ?»

«ሥርዓት አለ፣ ወይዘሮ አስካለ!»

ሥርዓት እወዳለሁ። በተለይ ሌላ ሰው ሲጠብቀው።

እንግዲህ እሑድ በሕዝብ ፊት እንዳላፍር በየቀኑ መለማመድ ጀመርኩ። የምለማመደው በስድስት ሰዓት፣ ከሥራ ለዕረፍት ስመለስ ነው። መስኮቱን እዘጋለሁ፤ አባ ወልደ ማርያምን አስገባለሁ፤ ጥርት ብለው ይወጣሉ። የጢማቸው ሽበት ሳይቀር ይቆጠራል! ለትንሽ ጉዳይ ወደ ጓዳ ገባ ብዬ ስመለስ… ደብዝዘዋል። ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ይቆዩና ማንም ሳይነካቸው መልሰው ይጠራሉ። ሰኞ እንዲህ ሆነ። ማክሰኞም እንዲሁ።

ያላደረግኩት የለም። የፊቱን መስታወት በባለቤቴ ነጠላ ጫፍ ወለወልኩ። አምፖሉን አውጥቼ፣ እፍ ብዬበት መለስኩት። ጥፋቱ የአንሶላው ነው ብዬ እንደገና አሳጠብኩት። ሞቆት ይሆናል ብዬ በባርኔጣዬ አራገብኩለት። በመጨረሻ መሣሪያውን ፈትቼ ብገጥመው አራት ብሎን ተረፈኝ። ያለ አራቱ ብሎንም በራ፤ ያለ አራቱ ብሎንም ደበዘዘ!

ባለቤቴ ውድነሽ ከበሩ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየችና፣

«አንተ ሰው፣ ሐሽማላይ ጥራ» አለችኝ። በዚህ አገር የኤሌክትሪክ ሠራተኛን ሐሽማላይ ይሉታል።

«በዚህ ቤት ሐሽማላዩ እኔ ነኝ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። የሚችለውን ጥራ ነው ያልኩህ።»

ረቡዕ ዕለት መጽሐፌን ገለጥኩ። ከአንድ መስመር ላይ ብዙ ኃይል የሚበላ ዕቃ ሲሰካ ሌላው መብራት እንደሚደክም በግልጽ ተጽፏል። ብዙ ኃይል የሚበላ ዕቃ ምንድን ነው? የኤሌክትሪክ ምድጃ! ታዲያ በዐቢይ ጾም፣ በሥራ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በሚውልበት ግቢ… ምድጃ የሚያሞቅ ማነው?!

አንባቢዬ፣ የአምፖሉ ነገር ወዲያው ከልቤ ወጣ። ብልሽት ከመፈለግ ኃጢአተኛ መፈለግ ምን ያህል እንደሚቀል ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? መፍቻ አያስፈልገውም፤ ብሎንም አይተርፍም። ከእኔ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰን ማነው? ከእኔው መስመር መብራት የሚስብ ማነው? ወይዘሮ አስካለ!

የዚያኑ ዕለት ሰው ከጸሎት ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቅኩ።

«በዚህ ግቢ በስድስት ሰዓት ምድጃ የሚያነድ ሰው አለ! ስም አልጠራም» አልኩና ወይዘሮ አስካለን አየሁ። ሰዉም እኔ ወዳየሁበት አየ።

«እኔን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«ባውቅማ መች እጠይቅዎት ነበር!»

«እንግዲያው ንስሐ እስኪገቡ ድረስ የወንድምዎን ሥዕል አያዩም። ለእሳቸው ክብር ስል ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሄዱ። በእኛ ግቢ ጾም የሻረች ተብላ ስሟ የተነሣ ሴት፣ ማኅበር ላይ እንኳ ከአጠገቧ የሚቀመጥ አታገኝም። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት። እንዲያውም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢው ተንጫጫ። ብቅ ብል… ወይዘሮ አስካለ ምድጃቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ደጃፌ ላይ ቆመዋል! ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፏል፤ ሁሉም ምድጃውን ታቅፏል። አዲስ ምድጃ፣ እግሩ የተሰበረ ምድጃ፣ ሽቦው በጨርቅ የተጠቀለለ ምድጃ… የበር ጠባቂው አያ ደምሴ ምድጃ ስለሌላቸው ካውያቸውን ይዘው መጥተዋል።

«የግቢው ምድጃ ይኸው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «መሣሪያዎን ያብሩ። የእኔ ምድጃ እዚህ እጄ ላይ ሆኖ ከደበዘዘ ንጹሕ ነኝ። ካልደበዘዘ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬውኑ ንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ምድጃው ሁሉ ደጄ ላይ ተደረደረ። ሰዉ ገባ። መስኮቱን ዘጋሁና የገዳሙን ደረጃ የሚያሳይ ሥዕል አስገባሁ። ብሩህ! አንድ ደቂቃ ቆየ… አምስት ደቂቃ… ሩብ ሰዓት… እንደ ብርሃናማ ጠዋት ቁልጭ እንዳለ ነው! አንድ ሰው «አይ አስካለ!» ሲል ሰማሁ። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳውን ተደገፉ። እኔም «አላልኳችሁም?» ልል አፌን ከፈትኩ።

ይኼኔ ውድነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ፣

«ዛሬ ሻይህን አልጣድክም እኮ» አለችኝ።

አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

እንግዲህ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ያ በየቀኑ ወደ ጓዳ የሚያስገባኝ ትንሽ ጉዳይ… ሻይ ነው። ሻይ ምግብ አይደለም፣ ምግብ ካልሆነ ጾም አይሽርም፣ የሚፈላበትም ምድጃ እንደ ምድጃ አይቆጠርም ብዬ ራሴን ካሳመንኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ምድጃ የሚያነድ ሰው ስፈልግ የራሴ ምድጃ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። እመኑኝ፣ እየዋሸሁ አይደለም፤ ከውሸት የሚብሰውም ይኸው ነው።

ከውድነሽ በቀር የሰማ አልነበረም። ዝም ማለት እችል ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም ለማለትም አስቤ ነበር፤ ምናልባት አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከዚያ ግድግዳውን የተደገፉትን ሴት አየሁ። ጓዳ ገባሁና ምድጃዬን ይዤ ወጥቼ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሰካሁት። ቀዩ ሽቦ መጋል ሲጀምር የገዳሙ ደረጃ… ደበዘዘ።

ሰው ሁሉ ከደረጃው ወደ ምድጃዬ፣ ከምድጃዬ ወደ እኔ አየ።

«እንግዲያስ እኔ ካውያዬን ልውሰድ?» አሉ አያ ደምሴ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ጾም የሻርኩት እኔ ነኝ» አልኩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ። «ወይዘሮ አስካለ ንጹሕ ናቸው። ደጀ ሰላሙም ላይ ይህንኑ እደግመዋለሁ። ደግሞም… ሻይ ብቻ ነው።»

«ስኳር አለው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«…ሦስት ማንኪያ።»

«ይሁን፤ እግዚአብሔር ይፍታዎት። አሁን ወንድሜን ያሳዩኝ።»

«እሑድ…» ልል ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ምድጃዬን ነቅዬ አባ ወልደ ማርያምን አስገባሁ። ወይዘሮ አስካለ ወደ አንሶላው ቀረቡ። እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን ጉንጭ ሊነኩ ሲሉ ጥላቸው እንዳይጋርደው ፈርተው መለሱት።

«ከሳህ አይደል፣ ወንድምዬ!» አሉ ቀስ ብለው። እንባቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «አዩ አቶ ተሰማ? የጾመ ሰው እንዲህ ነው የሚመስለው።» ቀጥለው ዓይናቸውን ከወንድማቸው ጉንጭ አንሥተው ወደ ሆዴ ወሰዱት፤ የግቢው ሰውም አብሮ ወሰደው።

በዚያ ሳምንት ሙሉ ያ ሥዕል እንዳይደበዝዝ ያልለመንኩት ቅዱስ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ግን ለአንድ ደቂቃ ብቻ እንኳ እንዲደበዝዝልኝ ለመንኩ… በጄ አላለኝም። ቤቱን እንደ ቀትር ፀሐይ አበራው!