አስቀማጩ ወንድይራድ ባሕር ላይ

ሰው በሦስት ይከፈላል፦ የሚቀመጥ፣ የሚቆም እና የሚያስቀምጥ። ሁለቱ ብዙ ናቸው፤ ወሬም የላቸውም። ሦስተኛው ግን በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየለቅሶው አንድ አይጠፋም። ድንኳኑን አልተከለም፣ በሬውን አልጣለም፣ ሙሽራዋም ዘመዱ አይደለችም። ሆኖም በሩ አጠገብ ቆሞ ማን ከማን ጎን እንደሚውል የሚወስነው እሱ ነው። ሠርገኛው ተመቻችቶ፣ ነጠላውን አደላድሎ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሊያነሳ ሲል ከጀርባው ያ ለስላሳ ድምፅ ይመጣል፦ «እስቲ አንዴ ተነሱልኝ።»

በሮተርዳምና በዙሪያዋ ይህን ሹመት የያዘው አቶ ወንድይራድ ነበር። ማን ሾመው? ማንም። ሚስቱ ወይዘሮ የትነበርሽ «ክቡርነታቸው» ትለዋለች፣ እሱ በሌለበትም፣ ባለበትም።

የሚሠራው ቭላርዲንገን ወደብ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ሣጥን ሁሉ መደርደሪያ አለው፤ ከመደርደሪያው የወጣ ሣጥን ካለ ክቡርነታቸው ምሳ አይወርድላቸውም። «ቀኑን ሙሉ ሣጥን ሲያስቀምጥ ውሎ፣ ማታ ሆግቭሊት፣ ቤቱ ሲገባ ሰውም ሣጥን ይመስለዋል» ትላለች የትነበርሽ።

እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ሲጠብቅ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። የሚያስሉትን ወደ መስኮቱ፣ እግራቸው ያበጠውን ወደ ሰፊው ሶፋ፣ ሕፃን የያዘችውን ወደ በሩ አዛወረ። ሐኪሙ ብቅ ቢል የተሳሳተ ክሊኒክ የገባ መስሎት ተመለሰ። ሜትሮ ውስጥ ደግሞ አንዱን የማያውቀውን ሆላንዳዊ «ፀሐይ ይመታዎታል፣ ወዲህ ይምጡ» ብሎ አስነሳው። በየካቲት! በሮተርዳም! ሰውዬው ፀሐይዋን ፍለጋ አንገቱን ወደ መስኮቱ ሰገገ፤ አላገኛትም፤ ግን ተነሳ። ለዚያ ድምፅ ሰው ሁሉ ይነሳል።

ዴንሃግ በነበረ አንድ ክርስትና ላይ አቶ ተስፎምንና አቶ አስራትን አንድ ትሪ ላይ ያስቀመጣቸውስ? ሁለቱ በካርታ ጨዋታ ተኳርፈው ዓመት አልፏቸዋል። አቶ ተስፎም አዲስ አበባ ያደጉ የአሥመራ ሰው ናቸው፣ ምላሳቸው አያርፍም።

«ወንድይራድ፣ እዚህ ከምታስቀምጠኝ ጣሪያው ላይ ብትሰቅለኝ ይሻለኛል!»

«ግዴለም ጋሽ ተስፎም። ቀይ ወጡ እዚህ ጋ ይወፍራል።»

ቀይ ወጡ ወፍሯል። ሁለት ኩርፈኞች በአንድ እንጀራ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ሲበሉ ቆዩ። መሐል ላይ አንዲት እንቁላል ቀረች። አስራት ወደ ተስፎም ገፋት፤ ተስፎም መልሰው ገፏት፤ እንቁላሏ ሦስቴ ከተመላለሰች በኋላ ተስፎም ገምሰው አጎረሱት። ሲወጡ የክቡርነታቸውን ትከሻ ይዘው «አንተ ሞተህ ሰማይ ቤት ስትገባም ቅዱስ ጴጥሮስን አንዴ ተነሱልኝ ማለትህ አይቀርም» አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የትነበርሽ ግን ሳቋ ግማሽ ነበር።

የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው። የጎጃም ልጅ ናት፤ ሆድ ያስባሳትን ነገር አታወራውም፣ ታንጎራጉረዋለች። ሮተርዳም ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። እዚያ እራት የሚቀርበው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ሁሉም ቋሚ ወንበር አለው። አንድ ቀን አንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል። በሳምንቱ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ሾርባው ያው ሾርባ ነው። የትነበርሽ ሳህን ስታነሳ አንድ ነገር ይከነክናታል፦ እነዚህን ሰዎች የት መቀመጥ እንደሚወዱ የጠየቃቸው ኖሯል? እሷንስ?

ቤቷ ስትገባ የእሷ ወንበር ማሞቂያው ሥር ነው። በስደት በመጡበት ክረምት «በረደኝ» ብላ ነበር፤ በዚያው ማታ ክቡርነታቸው «አንዴ ተነሺልኝ» አላትና እዚያ አስቀመጣት። አሁን ግን ዕድሜዋ ደርሶ ሙቀት ያፍናታል፤ እራት ስትበላ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ወንበሯ ግን ያው ነው። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰውና አንድ ማሞቂያ ቀርተዋል።

በዘጠና ስምንት፣ የተጋቡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲደርስ፣ ሰናይትና ወንድሟ ገንዘብ አዋጥተው ለወላጆቻቸው ከሮተርዳም ወደ ኖርዌይ የሚሄድ የመርከብ ሽርሽር ገዙላቸው። መርከቡ ሁለት ዓይነት አበላል ነበረው። ታች አዳራሽ ቋሚ ገበታ ነው፤ ማታ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ወንበር፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር። ላይ አዳራሽ ደግሞ በዚያ ዓመት የተጀመረ ነጻ ገበታ አለ፤ ሲርባችሁ ትገባላችሁ፣ ደስ ያላችሁ ላይ ትቀመጣላችሁ። ክቡርነታቸው ይህን ሲሰማ መርዶ የተነገረው መሰለ።

«ልቅ ገበታ ነው በሉኛ!»

«ፓፓ፣ ዱ ኖርማል!» አለችው ሰናይት፣ እንደ ሰው ሁን ማለቷ ነው። «አንተ ደግሞ ሁሌ ሰው ታስቀምጣለህ። ቫካንሲ፣ ዕረፍት እኮ ነው!»

እሱ ቋሚውን መረጠ። የሁለቱንም የመረጠ መስሎታል። መርከቡ ላይ ወጥተው ክፍላቸው ውስጥ ካርዳቸውን ሲያዩ ግን የእሱ ላይ የጠረጴዛ ቁጥር አለ፤ የእሷ ላይ የለም።

«ተሳስተዋል» አለ፣ ካርዷን ወደ መብራቱ አንስቶ።

«አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ ለሰናይት የነገርኳት።»

«ምን ብለሽ?»

«የእኔን ነጻ አድርጊው ብዬ።»

ክቡርነታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ከእኔ ጋር መብላት ሰለቸሽ?»

«አንድ ሳምንት ብቻ ወንድይራድ። የት እንደምቀመጥ ሳይነገረኝ ልብላ።»

«ማን ከልክሎሽ ያውቃል?»

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለችው። «ሃያ አምስት ዓመት አስቀምጠኸኛል። አንድ ቀን እንኳ፣ የት ነው ደስ የሚልሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

የእራቱ ደወል ተደወለ፤ እሱ ደረጃውን ወረደ፣ እሷ ወጣች።

የመጀመሪያው ማታ ለየትነበርሽ ሠርግ ነበር። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሌላ ቦታ አማራትና ሳህኗን ይዛ ወደ መሐል ተዛወረች፤ የተቆጣት የለም። ከሁለት መበለት እህትማማቾች ጋር ዓሣ በላች። በማግስቱ ስለ ጉልበቱ ብቻ ከሚያወራ ጡረተኛ ጋር ሥጋ በላች። ጉልበቱን በዝርዝር አወቀችው። ግን በሦስተኛው ማታ እግሯ ራሱ አንዲት ጠረጴዛ ጋ ወሰዳት፤ በአራተኛውም እዚያችው። የላይኛው አዳራሽ ወለል መሐሉ ክፍት ነው፤ ዙሪያውን የናስ አጥር አለው። ከዚያች ጠረጴዛ ታች አዳራሽ ወለል ብሎ ይታያል።

ነጻነቷ ዞሮ ዞሮ አንድ ወንበር ላይ አረፈ ማለት ነው። ራሷን ታዘበች። አጥሩን ተደግፋ ቀስ ብላ አንጎራጎረች፦

ባሕር ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠማል ሰው፣
አጠገቤ ሆኖ ባሌን ብናፍቀው።

ታች ክቡርነታቸው ስምንት ሰው የሚይዝ ክብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሆላንዳውያን ሽማግሌዎች፣ እሱ፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር። ሹካውን ሊያነሳ ሲል አንድ ረጅም ሽማግሌ በአጠገቡ አለፈ። ወንድይራድ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ እንደ ወጉ፣ በሆላንድኛ «ኑ እንብላ» አለው።

በእኛ ዘንድ ይህ ግብዣ ለጆሮ ነው። የሚበላ ሰው አላፊውን ሳይጠራ አይጎርስም፤ አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ሆላንድ ውስጥ ግን ለእራት መጠራት በቀጠሮ ነው፤ ቀኑ ተቆርጦ፣ ድንቹ በሰው ልክ ተቀቅሎ። እንዲህ ላደገ ሰው ድንገት «ኑ እንብላ» ሲባል ወግ አይመስለውም። ሽማግሌው ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ከጎረቤት ጠረጴዛ ወንበር ሳበና ቁጭ አለ።

ክቡርነታቸው ደነገጠ፤ ግን ሳህኑን ወደ እንግዳው ገፋ። አንዲት ባልቴት አለፈች፤ አፉ ለምዶበታልና እሷንም ጠራት። ተቀመጠች። ባልና ሚስት አለፉ፤ ተቀመጡ። ወሬው ተዛምቶ ኖሮ፣ በነጋታው ሰዎች በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሆን ብለው፣ ቀስ እያሉ ማለፍ ጀመሩ። በአምስተኛው ማታ በስምንቱ ሰው ጠረጴዛ ላይ ክርን ከክርን ይጋጫል፤ ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ የሌላውን ሾርባ ይቀምሳል።

የአስተናጋጆቹ አለቃ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ ቋሚ አዳራሽ ነው። እያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ቦታ አለው።»

ለማን ነው የሚነግረው? ለወንድይራድ! የትነበርሽ ላይ ሆና ሳቋን በናፕኪን አፈነችው።

ክቡርነታቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ፦ «እኔ ከማዕድ ላይ ሰው አስነስቼ አላውቅም።»

ከሆግቭሊት እስከ ዴንሃግ ያስነሳው ሕዝብ ይህን ቢሰማ! ናፕኪኑ አልበቃትም፤ አስተናጋጇ ትን ያላት መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

ዕንባዋን ስትጠርግ ግን አንድ ነገር አየች። ያ ሁሉ ሰው ተጠጋግቶ፣ ግማሹ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ሲበላ፣ ከወንድይራድ ጎን ያለው ወንበር አሁንም ባዶ ነው። ሊቀመጥበት የመጣ ሁሉ አንዴ እጁን ያይና ይመለሳል። ክቡርነታቸው ባዶው ወንበር መደገፊያ ላይ እጁን ጣል አድርጎ፣ በግራ እጁ ይበላ ነበር።

ማታ ክፍላቸው ውስጥ ሲገናኙ ንግግራቸው አጭር ነው።

«ደህና በላሽ?»

«ደህና። አንተስ?»

«ደህና።»

መብራቱን ያጠፋሉ። ባሕሩ ያወራል፤ እነሱ ያዳምጣሉ።

የመጨረሻው ማታ ሰው ሁሉ አጊጦ የሚበላበት ነው። የትነበርሽ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ብቻዋን ወጣች። ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ወደ ታች ስትመለከት ዘመዶቹ፣ አሁንስ ዘመዶቹ ሆነዋል፣ ተሰብስበዋል። ሾርባው ቀርቧል፤ ማንኪያ ያነሳ ግን የለም። የሚጠብቁት ሰው አለ። ወንድይራድ የለም። ታመመ? ክፍሉ ውስጥ ወደቀ? ቦርሳዋን አንስታ ስትነሳ፣ በላይኛው አዳራሽ በር፣ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች መሐል፣ የሠርግ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ አየችው።

ተራው ደረሰ። በሩ ላይ ያለችው አስተናጋጅ ፈገግ ብላ እጇን ወደ አዳራሹ ዘረጋች፦ የፈለጉት ቦታ። ክቡርነታቸው አንድ እርምጃ ገባና ቆመ። ወንበሮቹን ያያል፣ ወንበሮቹ ያዩታል። ሰው ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ራሱን ማስቀመጥ አቅቶት ተገትሯል።

የትነበርሽ ያኔ ነው ያስታወሰችው። በየሠርጉ ሕዝቡን ሁሉ ደልድሎ ሲያበቃ እሱ የት ይቀመጥ ነበር? እግሩ በተሰበረው ወንበር ላይ። ምሰሶ በከለለው። በሕፃን በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ። መርጦ ተቀምጦ አያውቅም፤ የሚቀመጠው የተረፈው ላይ ነው። እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ማሞቂያዋን ስትቆጥር፣ እሱ የት እንደሚቀመጥ ጠይቃው ታውቃለች?

በጠረጴዛዎቹ መሐል ይቅርታ እየጠየቀ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ባዶ ወንበሮች ነበሩ፦ አንዱ ወደ ባሕሩ፣ አንዱ ወደ አዳራሹ፣ አንዱ ከጎኗ።

«ታች እየጠበቁህ ነው» አለችው።

«ብሉ ብያቸዋለሁ። እሺ አላሉኝም።» ክራቫቱን ነካ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ሐኪም ቤቱን የገለበጠ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«የትነበርሽ፣ የት ነው ደስ የሚልሽ... እንድቀመጥ?»

የትነበርሽ ሦስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው። ፀጉሩን ውሃ ነክቶ አበጥሮታል። የኮቱ አዝራር በሆዱ ላይ ተጨንቋል። እጆቹ የሚይዙት አጥተው ይወናጨፋሉ። ከጀርባው፣ በመስኮቱ፣ የኖርዌይ ተራራ ቀስ እያለ ያልፋል። ይህን ሰው እንዲህ ቆሞ ያየችው መቼ ነው?

«ትንሽ ቁም» አለችው። «ልይህ።»

ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ እሱ እሷን ብቻ ነው የሚያየው። ታችም ላይም ሾርባው ቀዘቀዘ።