የወላጅ ፊርማ

በዚህች አገር ኮሌጅ ያለ ቤተ መጻሕፍት ይከፈታል። ያለ ውሃ፣ ያለ ወርክሾፕ፣ ኧረ ያለ አስተማሪም ተከፍቶ ያውቃል። ያለ አንድ ሰው ግን ተከፍቶ አያውቅም፤ እሱም ቅጽ ሰጪው ሰውዬ ነው። ጣሪያው ሳይመታ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ማኅተሙ እጁ ላይ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ። ከየት እንደሚያመጧቸው እግዜር ይወቅ።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ ስሙ ይቆየንና፣ የአንዱ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ቅጽ ሰጪ አቶ ክንፈሚካኤል ይባሉ ነበር። በራቸው ላይ የተጻፈው ማዕረግ «የሠልጣኞች ምክርና አገልግሎት የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚል ነው፤ አንብበው እስኪጨርሱት ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ተማሪው አሳጥሮ «ጸሐፌ ትእዛዝ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ሳይሰሙ ነው እንጂ።

ዘመኑ የቢፒአር፣ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ዘመን ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በሩ ላይ የዜጎች ቻርተር ሰቅሏል። የጸሐፌ ትእዛዝም ቻርተር «ፈቃድ መስጠት፦ አሥር ደቂቃ» ይላል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! አሥሩ ደቂቃ የሚቆጠረው ቅጹ ተሟልቶ ከገባ በኋላ ነዋ። ቅጹ ደግሞ ተሟልቶ ገብቶ አያውቅም።

ተማሪ ሲመዘገብ የምትሰጥ «የሠልጣኞች መመሪያ» የምትባል አረንጓዴ ጥራዝ አለች። ክሊኒክ አለ ትላለች፤ ክሊኒኩ የተቆለፈ በር ነው። የምክር አገልግሎት አለ ትላለች፤ እሱም አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው። ምክራቸውም አንድ ናት፦ «ማስታወቂያ ተለጥፏል።» የታመመው መጥቶ «ምን ላድርግ ጋሼ?» ቢል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቤት አከራዩ ያባረረው ቢመጣ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቸኩያለሁ ያለ እንደሆነ አንዲት ትጨመርለታለች፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

የሉባባን ነገር ያልሰማ የለም። ሉባባ የጨርቅ ነጋዴው የከድር ልጅ ናት፤ ምላሷ እንደ አባቷ መቀስ ነው። አንድ ጊዜ መታወቂያዋ ጠፋና ዘበኛው ያለ መታወቂያ አላስገባም አላት። አዲስ መታወቂያ የሚሰጠው ደግሞ ግቢው ውስጥ ነው። ሁለት ቀን በር ላይ ተገተረች፤ በሦስተኛው ቀን አቶ ክንፈሚካኤል ራሳቸው መጥተው በአጥሩ ቀዳዳ ቅጽ አቀበሏት።

«ይህን ሞልተሽ ከመታወቂያሽ ኮፒ ጋር አያይዘሽ አስገቢ።»

«የጠፋው እኮ መታወቂያው ነው ጋሼ!»

«ኮፒውም ጠፋ?»

በዚህ የተናደደ ተማሪ አቤት ይበል ከተባለም ኮሪደሩ ላይ የአስተያየት ሣጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው? እሳቸው ጋ! አንድ ሰሞን ስም የሌለው ወረቀት በዛና እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፦ «ስማችሁን ሳትጽፉ አስተያየት ያስገባችሁ ሠልጣኞች ቀርባችሁ ስማችሁን እንድታሟሉ እናሳስባለን። ስም የሌለው አቤቱታ አይስተናገድም።» ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ሸረሪት አደራበት።

የእፀገነት ደሞዝ ንዴት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል።

እፀገነት የወንበርማ ልጅ ናት። ከሽንዲ ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ አገር ነው የመጣችው። ቅየሳ ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አባቷ ደሞዝ መሬት ሲለካ በገመድ የተጣሉ፣ በገመድ የታረቁ ሰው ነበሩና ኩራታቸው እሷ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተገኘውን ሁሉ «የኔዋ ልጅ በመነጽር አይታ ነው የምትለካው፤ ገመድ አትነካም» ይሉት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ታደለ ግን «ሴት ልጅ ሦስት እግር ያለው ብረት ተሸክማ ማሳ ለማሳ!» እያለ ወደ ቤት የምትመለስበትን ቀን ይቆጥራል።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ፣ እፀገነት ከአገሯ ወሬ የምትሰማበት የጓደኛዋ የሉባባ አባት የከድር ሱቅ ስልክ ጮኸ። ታደለ ነው። «አባባን ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ነይ» ብሎ ዘጋው። እንግዲህ በአገራችን ለሩቅ ልጅ ሞት በስልክ አይነገርም፤ «ትንሽ አሟቸዋል» ነው የሚባለው። ሰሚውም ይገባዋል። እፀገነትም ገባት። ያም ሆኖ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ላይ የሰማችውን ጻፈች፦ «አባቴ ታመው»። በአፍዋስ እንዴት ትግደላቸው?

አቶ ክንፈሚካኤል አነበቡት። «የወላጅ ፊርማ ይጎድለዋል።»

«ወላጄ እኮ ነው የታመሙት ጋሼ።»

«ቢታመሙም እጃቸው አለ። ይፈርሙ።»

ኧረ የጊዮርጊስ ያለህ! የማንኩሳ ተወላጅ፣ ሽበታቸው ጆሯቸውን የሸፈነ ሰው፣ «ትንሽ አሟቸዋል» ምን እንደሆነ አጥተውት ነው? እፀገነት መስኮቱን በመዳፏ መታችው። «ሞተዋል! ሞተዋል በቃ! በግድ አስባሉኝ!»

አቶ ክንፈሚካኤል ወረቀቱን አገላበጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «እግዜር ያጥናሽ። ከሞቱስ ቅጹ ሌላ ነው፤ የሐዘን ፈቃድ ይባላል» አሉና አዲስ ቅጽ አወጡ። «እሱም የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። እናት አለሽ?»

«እናቴ መጻፍ አያውቁም።»

«አሻራ ይቻላል።»

እስቲ አሁን ይህን ማን ይፍረደው? ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ለፈቃዱ የእናቷ አሻራ ያስፈልጋል፤ ለአሻራው መሄድ አለባት! እፀገነት አዲሱን ቅጽ ሞልታ ፊርማው ቦታ ስትደርስ ጨምድዳ መስኮቱ ላይ ጥላላቸው ሄደች። ስድስት ቀን ቆይታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ቅጹን በዚያ ሐዘን መሃል ማን ያስታውሰዋል?

ያስታወሱት አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው። የካቲት አጋማሽ ሲያልፍ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ያለ ፈቃድ ከአምስት ቀን በላይ የቀረ ሠልጣኝ የተሟላ ቅጽ እስከ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካላስገባ ለመጨረሻው ምዘና አይቀመጥም። ቀጥሎ አንድ ስም ብቻ። የሷ።

ማስታወቂያው የወጣው ዓርብ ነው። እሁድ የአባቷ ተዝካር ነው።

«ጋሼ፣ ለተዝካሩ ነገ እሄዳለሁ፤ የእናቴን አሻራ ይዤ ልምጣ» ብላ ለመነች።

«አሻራው በኃላፊ ፊት ካልተደረገ አይያዝም። የማን ጣት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እናትሽ ይምጡ።»

«እናቴ ከተዝካሩ ዳስ ተነስተው ለሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሊደርሱ?»

«መመሪያው ነው።»

«መመሪያው አባት የለውም?»

«ቀጣይ!» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል። እፀገነት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደች። «አቶ ክንፈሚካኤል ልብ የላቸውም» ብላ ጻፈችና፣ ስሟን ሳትጽፍ፣ ሸረሪቱን በጣቷ ገፍታ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። ቅዳሜ ሉባባ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። «እንዳትቀሪ» አለቻት። እፀገነት ግን ልብሷን በሙሉ ይዛ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረችው ለአንድ አውራ ጣት ሊቀር! ታደለ ደስ ይበለው።

እሁድ ቅዳሴ ወጥቶ ዳሱ ሞላ። ካህናቱ ፍትሐት ጨርሰው ማዕድ ሲባርኩ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ጃንጥላ ተመርኩዞ ዳገቱን ሲወጣ ታየ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው፤ በብብቱ ማኅደር ይዟል። «የወረዳ ሰው ነው» አለ አንዱ። «ዛሬ ደግሞ ለምን ስብሰባ ይሆን?» አለ ሌላው።

እፀገነት የያዘችውን ገበታ ልትለቀው ምንም አልቀራት። አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው። ደሟ ፈላ። እዚህም ድረስ? የአባቷ ተዝካር ላይ?

እሳቸው ግን ወደሷ ዞር አላሉም። ከዳሱ ደጃፍ ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ነጠላ ከማኅደሩ አውጥተው አደገደጉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አይተዋቸው የማያውቁትን ሰው «ወይኔ ደሞዝ! ወይኔ ወንድሜ!» ብለው ያለቀሱትን ልቅሶ የአጎቷ ልጆች እንኳን አላለቀሱትም። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ማን እንደሆኑ ሳያውቁ አብረዋቸው አነቡ። ከዚያ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠላ ቀመሱ፣ ከአረጋዊው ቄስ ከገብረሰንበት ጋር ስለ ዝናቡ አወሩ። የካቲት ላይ ምን ዝናብ እንዳለ እንጃ።

እፀገነት አላስቻላትም። «ምን ሊያደርጉ መጡ ጋሼ?»

«ልቅሶ ልደርስ ነዋ።» ኮታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ቀለሙ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

በመሐረብ የተጠቀለለችው የማኅተም ቀለም ወጣች። ቅጹም ከማኅደሩ ወጣ፤ መስኮቱ ላይ ጥላው የሄደችው፣ ያው ራሱ፣ ጭምድዱ በእጅ የተዳመጠ። ስሟ፣ ቀበሌዋ፣ ጎጧ፣ የአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም በእጇ ተጽፎበታል። መንገዱን ያገኙት ከዚያ አንብበው ነው። ለካ ያን ሁሉ ቅጽ ያነቡት ኖሯል!

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናቷ።

«ልጅዎ ለፈተና እንድትቀመጥ የወላጅ ፈቃድ ነው፣ እመቤቴ።»

«ለትምርቷ ነው? ታዲያ ጣቴ ብቻ ምን ያደርጋል? እጄን ሙሉ ላትመው እንጂ!»

«የቀኝ አውራ ጣት ብቻ። ከዚያ በላይ ቅጹ ቦታ የለውም።» ሳቁ በዳሱ ውስጥ ሲያስተጋባ እሳቸው አልሳቁም። የወይዘሮ በለጠችን ጣት እንደ ሕፃን ጣት ይዘው ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ እንዲደርቅ እፍ እፍ አሉበት። ቄስ ገብረሰንበት በምስክርነት ፈረሙ። «ሌላ ምስክር ይቀራል» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል፤ ዙሪያውን ቃኝተው ወንድሟን ታደለን ጠሩ። ታደለ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እምቢ ይበል? ፈረመ።

ያን ዕለት ከሰዓት እፀገነት ልብሷን መልሳ ተሸክማ አብራቸው ወረደች። ከሽንዲ ቡሬ በአይሱዙ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ፣ ማኅደሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጡ። ልታመሰግን ስትጀምር «ነገ በሥራ ሰዓት» አሏት።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል መስኮቱ ጋ ቆመች። አቶ ክንፈሚካኤል ከነመነጽራቸው ቀና አሉ፤ አይተዋት እንደማያውቁ ሰው።

«ስም?»

«እፀገነት ደሞዝ።»

«ቅጹስ?»

«እርስዎ ጋ ነው እኮ!»

«አስገቢዋ ሠልጣኟ ናት ይላል መመሪያው» አሉና ከኮታቸው ኪስ አውጥተው በመስኮቱ ሰጧት። እሷ መልሳ በመስኮቱ ሰጠቻቸው። ተቀበሉ፣ አነበቡ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ መቱበት። ለምዘናው ትቀመጣለች።

ልትሄድ ስትል ከመሳቢያቸው የተቀደደ የደብተር ወረቀት አወጡ። እፀገነት የራሷን ጽሕፈት አየችና ፊቷ ነደደ።

«ይህ ስም የለውም። ስም የሌለው አቤቱታ አይስተናገድም።»

«ላንሳው ጋሼ። እባክዎ፣ ይስጡኝና ልቅደደው።»

«ገቢ የሆነ ወረቀት አይቀደድም። አቤቱታ ማንሻ ቅጽ አለው።»

ድሮ ቢሆን መስኮቱን ትመታው ነበር። «ቅጹን ይስጡኝ» አለች። ስሟን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች። «አቤቱታው የተነሳበት ምክንያት» ከሚለው ፊት እጇ ትንሽ ቆመና «ልብ አላቸው» ብላ ጻፈች።

አቶ ክንፈሚካኤል ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አነበቡት። ሁለት ቃል ነው፤ ብዙ ቆዩበት። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሁለት ኮፒ ይቀራል» አሉ።

ሁለቱንም ጻፈችላቸው።