ለኩላሊት የተላከ ሽማግሌ

እኛ የከሚሴ ሰዎች ያለ ሽማግሌ የምንጨርሰው ጉዳይ ካለ እስቲ ንገሩኝ። ሚስት የምናገኘው በሽማግሌ፣ አኩርፋ ስትሄድ የምናስመልሳት በሽማግሌ፣ የድንበር ጠብ የሚበርደው በሽማግሌ። ሽማግሌ ደግሞ በቀጥታ አይናገርም። ስለ ዝናቡ ያነሳል፣ ከብቱን ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ይመርቃል፤ ጉዳዩ ላይ እስኪደርስ ሰሚው በጭንቀት ደርቋል።

እኔም ለኩላሊት ሽማግሌ ላክሁ። አትሳቁ!

ኩላሊቱ የታላቅ እህቴ የዘሀራ ነው። የኔዎቹ ሁለቱም ሲከዱኝ ከጎኗ አስወጥታ ሰጠችኝ፤ ስድስት ዓመት በሱ ኖርሁ። ሰውነቴ ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው፣ የሰውነቴን ዘበኞች የሚያስተኛ ክኒን በየቀኑ እውጣለሁ። ዘበኞቹ ሲተኙ ታዲያ ካንሰር ተመቻችቶ አንገቴ ላይ ወጣ። በቀዶ ሕክምና ቢነሳም ተመልሶ መጣ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሜ፣ "ዘበኞቹን የሚቀሰቅስ መድኃኒት አለ፤ ካንሰሩን ሊያጠፉልህ ይችላሉ። ከነቁ ግን ኩላሊቱንም ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ያኔ ወደ ኩላሊት እጥበት ትመለሳለህ" አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ "ስጠኝ" ትሉ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን እንድታረባት የተሰጠችህን ላም ባለቤቱን ሳታስፈቅድ አታርድም። ዘሀራን ፊት ለፊት "ኩላሊትሽን ላጠፋው ነው" ማለት ደግሞ አሳፈረኝ። ሁለት ሽማግሌ ይዤ ጨፋ ሮቢት፣ ቤቷ ሄድሁ።

ከሁለቱ አንዱ፣ ሼህ እንድሪስ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ በ"አካም ቡልቴ" ጀመሩ። ዝናቡን አነሱ፣ ማሽላዋን አደነቁ። ከዚያ፣ "ዘሀራ ልጄ፣ ያኔ ለወንድምሽ ለሰጠሽው ኩላሊት አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። ዛሬም በዚሁ ጉዳይ ልናስቸግርሽ ነው የመጣነው። እምቢ ብትይም አንቀየምሽም" አሉ።

የእህቴ እጅ የቀራት አንድ ኩላሊት ወዳለበት ጎኗ ሄደ።

"እሺ" አለች በመጨረሻ። "ማሽላው እስኪታጨድ ብቻ ታገሱኝ።"

ያ ረቢ! ሁለተኛውንም ልንጠይቃት የመጣን መስሏት ነው። ደግሞ እሺ አለች! ሼህ እንድሪስ ምርቃታቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነገሩን በቀጥታ ነገርኋት። እፎይ ትላለች ስል ጭራሽ ተቆጣች።

"አንተ! ለዚህ ነው ሽማግሌ የምታንከራትተው? እኔ የሰጠሁህ አንተ እንድትኖር ነው ወይስ ኩላሊቱ እንዲኖር? በል ሂድ፣ መድኃኒትህን ውሰድ!"

ወሰድሁ። ካንሰሩ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እየሟሸሸ ነው፤ ኩላሊቱም እስከ ዛሬ አለ። ሐኪሙ ገና አላመነውም፣ ደሜን እያስመረመረ ይከታተለዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ እኖራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ፤ ኩላሊቱ አንድ ቀን ቢሰናበተኝ ለዘሀራ አልነግራትም። ማሽላ በያመቱ ይታጨዳላ።