ሞታ ተራዋን ስላላጣችው ዳማ በቅሎ

የ«ዳገት አይፈሬ» የጭነት በቅሎ አከራዮች ማኅበር
የሥነ ምግባርና የፀረ ብልሹ አሠራር ኮሚቴ 11ኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደባርቅ፣ የማኅበሩ ኮርቻ ማስቀመጫ ክፍል። አዳራሹ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ድንች ስላለ መግባት አልተቻለም። ድንቹ በማን ፈቃድ እንደገባ የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እሱም የሚሰበሰብበት አዳራሽ እየጠበቀ ነው።
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ፣ ሊቀመንበሩ ምሳቸውን ረጋ ብለው እስኪጨርሱ በ9፡20 ተጀመረ።

የተገኙ
1. አቶ ገዱ፦ ሊቀመንበር
2. አቶ ላቀው፦ ምክትል ሊቀመንበር
3. ቄስ ሀብተ ሚካኤል፦ አባልና የሥነ ምግባር አማካሪ
4. አቶ ይግዛው፦ አባልና ተራ አስከባሪ፣ የበቅሎዎቹ መዝገብ በእጃቸው ያለ
5. ወ/ሮ ወርቄ፦ ጸሐፊ፣ በቅሎም ድምፅም የሌላት
በጥሪ የተገኙ፦ ወ/ሮ ይመኙሻል፣ የማኅበሩ አባልና ባለጉዳይ

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት ስለ ሥነ ምግባር ሊሠለጥኑ ጎንደር ሄደዋል። ሥልጠናው ባለፈው ዓርብ አልቋል፤ አበሉ ግን ገና ስላላለቀ አልተመለሱም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አራቱ ስለተገኙ ተሟልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ ለሥነ ምግባር ሳምንት የዓመቱን ሞዴል በቅሎ ስለመምረጥ

አቶ ይግዛው መዝገባቸውን ገልጠው፣ በቁጥር 4 የሰፈረችው የአቶ ገዱ ዳማ በቅሎ ባለፈው ዓመት አሥራ አራት ጊዜ የቱሪስት ጓዝ ጭና ወደ ተራራው መውጣቷን አስረድተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንንም አልረገጠችም፣ አንድም ፈረንጅ አልጣለችም፣ የሰው ገብስ ውስጥ ገብታም አልተከሰሰችም። ሊቀመንበሩ ስለ ራሳቸው ንብረት መናገር እንደሚከብዳቸው ገልጸው ለሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዳማዋ በሙሉ ድምፅ ሞዴል እንድትሆንና የምስክር ወረቀት እንዲሰጣት ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የወ/ሮ ይመኙሻልን በቅሎ ከመዝገብ ስለመሰረዝ

አቶ ላቀው ዓመት ሙሉ ጭነት ያልወጣች በቅሎ እንደምትሰረዝ ከደንቡ አነበቡ። የወ/ሮ ይመኙሻል ግራጫ በቅሎ አንድም ቀን ስላልወጣች «የሥራ ተነሳሽነት ይጎድላታል» አሉ። የተሰረዘ ሰው እንደገና ለመመዝገብ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ወ/ሮ ይመኙሻል ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከዚህች በቅሎ በቀር መተዳደሪያ እንደሌላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ሐዘኔታም ተገልጿል። ነገ ጠዋት የሚነሳው የስምንት ቀን ጉዞ ግን፣ እንደተለመደው፣ ለቁጥር 4 መያዙ ተነገረ።

ወ/ሮ ይመኙሻል ዕድል ሲሰጣቸው የተናገሩት እንዳለ ተጽፏል፦ «ጋሼ ላቀው፣ ተነሳሽነትማ ሞልቷት! በየማለዳው ኮርቻ ጭኜ በሩ ላይ አቆማታለሁ፤ የሚጠራት ነው የጠፋ። ሁልጊዜ ቁጥር አራት፣ ቁጥር አራት! ቁጥር አራት እኮ ካቻምና በፍልሰታ ሞታለች!»

ሊቀመንበሩ «ሞተች» የሚለው ቃል የበቅሎዋን ስም የሚያጠፋ ስለሆነ እንዲስተካከል ጠየቁ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል በአማካሪነታቸው ሐሳብ እንዲሰጡ ተጋበዙ። ጅቦች ሲጎትቷት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሆነው በዓይናቸው ማየታቸውን ተናገሩ። ሊቀመንበሩ «አባ፣ የኔ መሆኗን በምን አወቁ?» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ራስዎ ቆመው ‹ኧረ ልጓሟን እንኳ አስቀሩልኝ› እያሉ ጅቡን ሲለምኑት አልነበረም?» ብለው መልሰዋል።

ለሊቀመንበሩ የደረሱላቸው አቶ ይግዛው ናቸው። ማንኛውም ንብረት ያለ ርክክብ ቅጽ ከመዝገብ እንደማይወጣ፣ ጅቡም ፈርሞ እንዳልተረከበ፣ ስለዚህ ዳማዋ በአሠራር ረገድ በሕይወት እንዳለች አብራሩ። ወ/ሮ ይመኙሻል «ታዲያ አሥራ አራት ጊዜ ዳገት የወጣው ማነው?» ሲሉ፣ የዳማዋ ተራ ሲደርስ ከጊች መንደር የአንድ ገበሬ በቅሎ በግማሽ ዋጋ እንደሚመጣና ቀሪው ግማሽ ለዳማዋ እንደሚታሰብ ተገለጸላቸው። «ለዳማዋ? ለተዝካሯ ነው?» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ይህ ስድብ ስለሆነ ይመዝገብልኝ አሉ። ተመዝግቧል።

ቀጥሎ ወ/ሮ ይመኙሻል ሊቀመንበሩን ኪራይ ሰብሳቢ ብለዋቸዋል። ሊቀመንበሩም የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ኪራይ ካልሰበሰበ ምን ሊሰበስብ ኖሯል ሲሉ ቤቱን ጠይቀዋል።

አቶ ላቀው ነገሩ በሂስና በግለ ሂስ እንዲያልቅ ሐሳብ አቀረቡ። ዳማዋ በአካል መቅረብ ስላልቻለች ሊቀመንበሩ በውክልና ተነሥተው፣ «በመሞቴ ማኅበሩን ቅር አሰኝቼ ከሆነ አዝናለሁ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» አሉ። ግለ ሂሱ በቂ ሆኖ ተገኘ። ወ/ሮ ይመኙሻል አላጨበጨቡም።

ይሁን እንጂ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፣ ነገሩ በዚህ የሚዘጋ ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን እንደሚናገሩ አሳወቁ። ስለ ዳማዋ ግማሽ ኪራይ የማያውቁት የሊቀመንበሩ ባለቤት በቅዳሴ ሁልጊዜ ከፊት ስለሚቆሙ ውይይቱ ፈጥኖ ወደ መቋጫው ሄደ። በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ (በሊቀመንበሩ) የሚከተለው ተወሰነ፦ ሀ) የሞተች፣ የተሸጠችና ባለቤቷ ዘንድ የሌለች በቅሎ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ትሰረዝ፤ ለ) የነገው ጉዞ ለግራጫዋ ይሰጥ።

አቶ ይግዛው ውሳኔውን ለማስፈጸም እስክሪብቶ አውጥተው መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመሩ። ቁጥር 4ን ሰረዙ። ቁጥር 7 ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አቶ ላቀውን አዩ፤ የአቶ ላቀው በቅሎ ሊማሊሞ ላይ ገደል ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ቁጥር 9 የራሳቸው የአቶ ይግዛው ስትሆን አዲ አርቃይ ገበያ ሸጠዋታል። ቁጥር 12 የቄስ ሀብተ ሚካኤል ነበረች። ቄሱ በቅሎዋን መካነ ብርሃን ላለ አማቻቸው መስጠታቸውን አምነው፣ «እኔስ ሰጠሁ እንጂ አልሞተችብኝም» ብለዋል። እስክሪብቶው ወደ ኪስ ተመለሰ።

ወ/ሮ ይመኙሻል የደንቡን አንቀጽ 5 አምጡና አንብቡልኝ አሉ። አቶ ላቀው ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡ፦ የኮሚቴ አባል የሚሆነው በመዝገብ የሰፈረች በቅሎ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የነበረውን በጥሩ ሁኔታ ለመያዝ ተሞክሯል። አራቱም በቅሎ ስለሌላቸው አባል አይደሉም ተባለ። አባል ካልሆኑ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም፤ ካልተሟላ በቅሎዎቹን የሰረዘው ውሳኔ ፈራሽ ነው፤ ፈራሽ ከሆነ በቅሎዎቹ አሉ፤ ካሉ አራቱም አባላት ናቸው፤ አባላት ከሆኑ ውሳኔው ይጸናል፤ ከጸና ደግሞ አይደሉም። የኮሚቴው አባላት ለአርባ ደቂቃ አንዴ አባል አንዴ እንግዳ ሲሆኑ ቆይተዋል። በመካከሉ አቶ ይግዛው እንግዳ በሆኑበት ሰዓት የመናገር መብት የለዎትም ተብለው ተቆጥተዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ የሚከተለው ተወሰነ፦ ይህ ስብሰባ እንዳልተካሄደ ይቆጠር፤ በአጀንዳ 1 እና 2 የተባለው፣ የተሰጠው፣ የተሰረዘውና የተያዘው ሁሉ ከነምስክር ወረቀቱ እንዳልነበረ ይሁን።

ወ/ሮ ይመኙሻል ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብድግ አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ። ስብሰባ ካልነበረ እኔንም የሰረዘኝ የለም፤ የነገውንም ጉዞ ለቁጥር አራት የያዘ የለም። ነገ በማለዳ ግራጫዬን ጭኜ በሩ ላይ ነኝ። ተራው የኔ ነው የሚል በቅሎውን እየሳበ ይምጣ።»

ሊቀመንበሩ ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባላቱ ኮርቻዎቹን ሲያዩ ቆዩ። ተቃውሞ አልቀረበም።

ስብሰባው በ11፡45 ተዘጋ። ሊቀመንበሩ የወ/ሮ ይመኙሻል የመጨረሻ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዋል፤ ሆኖም ያልተካሄደ ስብሰባ ሊቀመንበር ስለሌለው ትእዛዙን የሚቀበል አልተገኘም።