ጎሚስታው ማሩ ግድግዳውን በቃል ስለ መጠበቁ

በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኀ ኅዳር፣ መምህር ዘውዱ «ያንተ ድርሰት ቃል እንጂ ምስል የለውም» ብለው በስምንተኛ ክፍል ፊት ካዋረዱት በሃያኛው ዓመት፣ ፈዋሴ ከመነዳሪ ወነፋኄ ጎማ፣ ቂም የማይረሳው የደብረ ታቦር ጎሚስታ ማሩ ስለ እናቱ እንቅልፍ ዘመተ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከአዛለች ጠላ ቤት የሚወጣው ሁሉ፣ ሹሙም ተላላኪውም፣ ከሁሉም በላይ ጡረታ የወጡት እኒያው መምህር ዘውዱ፣ የማሩን ግድግዳ እንደ አባት ርስት ቆጥረው ይሸኑበት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ እናቱ ወይዘሮ የምስራች ከቀትር በኋላ ጋደም ይላሉ፤ ዓይናቸው ቢፈዝም ጆሯቸው ንቁ ነውና፣ ውኃ ሲወርድ በሰሙ ቁጥር ያለ ወቅቱ ዝናብ የመጣ እየመሰላቸው፣ ጉልበታቸውን ደግፈው እየተነሡ፣ ደጅ የተሰጣውን ገብስ ያስገባሉ። አንድ ቀንም ተደናቅፈው ወደቁ።

ማሩም ተቆጥቶ ተነሣ፤ ባለባጃጁ ባምላኩ የቀለሙን ጣሳ ተሸክሞ፣ የአዛለች ውሻ ደጀን ሆኖ፣ እርሱ በአሮጌ ጎማ ላይ ቆሞ፣ እንዲህ ሲል ግድግዳው ላይ ጽፎ አወጀ፦

«እዚህ መሽናት ክልክል ነው!»

ጠጪዎቹም አንብበው ሸኑበት።

ዳግመኛም በትምህርት ቤት ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚሉትን ጦር መዝዞ አወጀ፦

«እዚህ የሚሸና እንደ ውሻ ነው!»

ከሥሩም በከሰል የተጻፈ የጠላት መልስ ተገኘ፦ «ውሻ እግሩን ያነሣል። እኛ ጨዋ ነን፣ ቀጥ ብለን ነው።»

ሦስተኛም ግነትን አሰልፎ፣ «እዚህ በሚሸና ላይ መዓት ይዘንብበታል!» ቢል፣ መልሱ «ጃንጥላ አለን፣ ጋሼ» ሆነ።

ማሩም እንደ ተወጋ ጎማ ተንፍሶ ተቀመጠ። ተቀምጦም ሳለ እናቱን አየ፤ ደመና የሌለበትን ሰማይ ሽቅብ እያዩ፣ ገብሱን በእፍኝ በእፍኝ ወደ ስልቻው ይመልሳሉ። ያን ጊዜ ስድቡም ዘይቤውም ጠፋውና፣ ያየውን ብቻ ጻፈ፦

«ከዚህ ግድግዳ ማዶ እናቴ ጋደም ብላለች። ውኃ ሲወርድ ስትሰማ ዝናብ ይመስላትና ገብሷን ለማስገባት ትነሣለች። ጉልበቷን ያማታል።»

ከቀትር በኋላ መምህር ዘውዱ መጡ፤ ቀበቷቸውን ፈቱ፤ አነበቡ፤ ሰማዩን አዩ፤ ቀበቷቸውን መልሰው አሰሩ። ከዚያም ጭናቸውን ገጥመው ወደ ጋፋት መንገድ ሲገሰግሱ አገር አየ። ከኋላቸው የመጡትም ጠጪዎች እያነበቡ በዚያው ሄዱ።

በማግሥቱ ከአዋጁ ሥር በከሰል ተጽፎ ተገኘ፦

«እማማ፣ ዛሬ አይዘንብም። ይተኙ።»

ያን የእጅ ጽሕፈት ማሩ ያውቀዋል፤ በደብተሩ ዳር በቀይ ቀለም ሲሰድበው የኖረ ነውና። አገላብጦ አነበበው። ስለ ድርሰቱ አንድም ቃል የለበትም፤ የተጻፈው ለእናቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሕግና እርግማን ያላቆሙትን ፊኛ በአንድ ስልቻ ገብስ ላቆመ፣ መምህሩን በገዛ ትምህርታቸው ላስሮጠ፣ እናቱን እስከ ሠርክ ላስተኛ ለዚህ ጀግና ምስጋና ይድረሰው። የአገሩን ጎማ ሁሉ ሲያስተነፍስ ቂሙን ግን እስከ ዛሬ አላስተነፈሰም፤ ይሁን እንጂ ለጥምቀት ግድግዳውን በኖራ ሲቀባ፣ ያቺን የከሰል መስመር ብቻ ዞሮ አለፋት።