የጉልበቴ ጉልበተኛ

«ሐኪም አነሰን» የሚል ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም። አንድ ቀን ደረጃ ላይ «እህህ» ይበል፤ ከየበሩ ስፔሻሊስት ይወጣለታል። የእኛ ሕንፃ ስፔሻሊስት ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ «ፕሮፌሰር» እንላቸዋለን። ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት!

ሐኪሜ ጉልበቴን አይቶ «ኦፕሬሽን ገና ነው» አለኝ። «ክብደት ቀንስ፤ የጭንህን ጡንቻ አጠንክር፤ ሲብስብህ ቅባቱን ተቀባ። ከተቀመጥክ ግን መገጣጠሚያው ይተሳሰራል።» የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ጉልበቴ ከከዳኝ ቤቴ እስር ቤቴ ነው። ይህ ፍርሃቴ ማንም ፊት አልወጣም ነበር፤ ፕሮፌሰር ፊት አመለጠኝ።

ጉልበቴን ሊያድኑ ተነስተው ጉልበተኛ ሆኑብኝ! ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ይንኳኳል። «ወንበር ላይ ቁጭ በል! እግርህን ዘርጋ! ያዘው! ሳይንሱ እንዲህ ነው!» ኬክ ገዝቼ ስገባ ካርቶኑን ከእጄ ነጠቁኝ። «ይሄን ማን ሊሸከምልህ ነው? ጉልበትህ?» ኬኩ የት እንደደረሰ አልነገሩኝም፤ ጢማቸው ላይ ግን ክሬም አይቻለሁ። ይባስ ብለው መሥሪያ ቤቴ ደውለው አለቃዬን «ይሄን ሰውዬ አስነሺልኝ፤ ቁጭ ብሎ ዛገ» አሏት። ስብሰባ መሀል «ተነስ» ስትለኝ የተባረርኩ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ሐሙስ ዕለት በቃኝ። ዛሬስ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ ብዬ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ወይኔ ጉልበቴ… ወይ ይቺ ደረጃ…» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ።

በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ፕሮፌሰር ግድግዳውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው የሰው ፀጉር ሲቆርጡ ያለቀ ጉልበት ነው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ደረታቸውን ነፉና በሩን ደበደቡት። «አንተ ሰነፍ፣ ተነስ!»

ያዘጋጀሁትን ስድብ ተውኩት። አንጀቴን በሉት። በሩን ከፍቼ አስገባኋቸውና ከወንበሬ ጎን ሌላ ወንበር አደረግሁላቸው።

«ከነገ ጀምሮ እርስዎ አይውጡ፤ እኔ እወርዳለሁ» አልኳቸው።

ዓይናቸው ፈጠጠ። «መውረድ? ጉልበት የሚጨርሰው መውጣቱ መሰለህ? መውረዱ ነው! ማነው ያስተማረህ? ሳይንሱ…»

እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ እንደ እሳቸው ጮህኩባቸው።

«ጋሼ፣ ዝም ይበሉና እግርዎን ይዘርጉ!»

ዘረጉ።