እጁን ያጣመረ ዳቦ

ውጭ አገር ሦስት ወር ሰንብቶ ሲመለስ ዳቦ መብላት ሊያስተምራችሁ የሚነሳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አምቦዎች ኦቦ ገመቹ ነበሩን። ጀርመን ተምረው የመጡትን ፕሬትዝል የሚባል ጥምዝ ዳቦ እየጋገሩ፣ "መነኩሴ ነው የፈጠረው! ቅርጹ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የሚጸልይ ልጅ ነው" ይሉናል። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ያኔ እጅ ማጣመር የተቃውሞ ምልክት ሆኖ ወጣቱ የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። የራሳቸው ልጅ ቶላም በዚሁ ታስሯል። ታዲያ እንዲህ ያለ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ ማን አስፋልት ይሻገራል?

አንድ ጠዋት ሚስታቸው እኛው ፊት፣ "የቶላ አባት፣ በማርያም፣ የዳቦውን እጅ ይፍቱለት" አሏቸው። ኦቦ ገመቹ አንድም ታሪክ ሳይነግሩን ሊጡን ቀጥ አደረጉት።

ዳቦው ያን ቀን ተፈታ። ቶላን እስካሁን እየጠበቅን ነው።